ገላጋይ ሆኖ ስለሚሮጠው ልጅ፦ ለአሠልጣኞች፣ ለቡድን መሪዎችና ለወላጆች ግልጽ ደብዳቤ

በአሜሪካ የኢትዮጵያውያን ታዳጊና ወጣት ቡድኖችን ለምታሠለጥኑ፣ ለምትመሩና ልጆቻችሁን ለምትልኩ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የእኛን ልጆች እግር ኳስ ሳሠለጥን ስምንት ዓመት አልፎኛል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እዚህ አገር በሚቆጠረው አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ጁላይ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ነበርን። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው የእኛ ተከላካይና የእነሱ አጥቂ ተያያዙ። መጀመሪያ ማሊያ መጓተት ነበር፤ ቀጥሎ ግፊያ ሆነ፤ ከዚያ ግንባር ለግንባር ተፋጠጡ። ዳኛው ፊሽካውን እየነፋ ወደ እነሱ እየሮጠ ነው። እኔ ወደ ተጠባባቂዎቹ ዞሬ «ምን ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ? ሂዱ ገላግሏቸው!» አልኩ። ልጆቹ ታዘዙኝ። ሰባቱም በአንድ ጊዜ ብድግ ብለው ሜዳ ገቡ። የዚያኛው ቡድን ተጠባባቂዎች ያዩት ግን ሰባት ልጅ ሲሮጥባቸው ነው፤ ሰባት ገላጋይ ሲመጣላቸው አይደለም። እነሱም ተነሡ።

አቧራው ሲበርድ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተንበርክኮ አፉን በሁለት እጁ ይዟል። በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። ሊገላግል የገባ ልጅ ነው፤ ማንንም አልነካም። የመታውም የራሳችን ተከላካይ ነው። ልጁ ከኋላ መጥቶ ክንዱን ሲይዘው ተከላካዩ ከዚያኛው ቡድን የመጣ መስሎት በክርኑ አፉን አለው። የፊት ጥርሱን እናቱ በጉልበቷ እየዳኸች ከሰው ሠራሹ ሣር ውስጥ፣ ከዚያ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ መሃል ፈልጋ አገኘችው። ከወላጆቹ አንዷ ነርስ ነች፤ «ወተት! ወተት አምጡ!» ብላ ጮኸች። ለትንንሾቹ ቁርስ ከመጣው ወተት ጥርሱን ከተን ወደ ሐኪም በረርን። ጥርሱ ተመልሶ ተተክሏል፤ ይጽና አይጽና ግን ገና በክትትል ላይ ነው።

ያን ልጅ ወደዚያ የላክኩት እኔ ነኝ። እናቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። «አንተ ምን ታደርግ፣ ልጆች ናቸው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ጠብ የሚጀምሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አምባጓሮ የሚያደርጉት ግን ከተቀመጡበት የሚነሡት ናቸው። ስለዚህ ልጆቻችንን አትማቱ ከማለት እኩል ከወንበር አትነሡ ማለት አለብን፤ የተነሣውንም፣ ሊገላግል ብሎ ቢሆን እንኳ፣ የሚቀጥለውን ጨዋታ ማሳጣት አለብን። ይህን ስል ብዙዎቻችሁ ቅር እንደምትሰኙ አውቃለሁ። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በስፖርት ሜዳ ስለሚነሣ ጠብ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብና ማየት ያዝኩ። ከሁሉ የያዘኝ ዲሴምበር 9 ቀን 1977 የሆነው ነው። ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ከሂውስተን ሮኬትስ ጋር ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ የሌከርሱ ከርሚት ዋሽንግተንና የሮኬትሱ ኬቪን ከነርት ተያያዙ። የሮኬትሱ ሩዲ ቶምጃኖቪች ሊገላግል እየሮጠ መጣ። ዋሽንግተን በዓይኑ ጥግ ያየው የተቃራኒ ማሊያ ሲሮጥበት ነው። ዞሮ በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረ። ቶምጃኖቪች ወለሉ ላይ ሆኖ ሲነቃ ከላይ ያለው የውጤት ሰሌዳ የወደቀበት መስሎት ነበር። የፊቱና የራስ ቅሉ አጥንት ተሰብሮ፣ አንጎልን የሚከበው ፈሳሽ ሲፈስ ጣዕሙ አፉ ውስጥ ይሰማው ነበር። የዚያ የውድድር ዘመን ቀሪው ጨዋታ አለፈው። ዋሽንግተን 10,000 ዶላርና የ60 ቀን እገዳ ተቀጣ። ቶምጃኖቪች ተመልሶ ተጫወተ፤ በኋላም በአሠልጣኝነት በ1994 እና በ1995 ሂውስተንን ለዋንጫ አበቃ። ዋሽንግተን ግን ከዚያ በኋላ ምን ቢጫወት ሰው ሲያስታውሰው የኖረው በዚያች አንዲት ቡጢ ነው። የሁለት ሰው ሕይወት እንዲህ የተበላሸው በሁለት ተደባዳቢዎች መካከል አይደለም፤ በአንድ ተደባዳቢና በአንድ ገላጋይ መካከል ነው። የእኛን ልጅ ጥርስ ያየሁት እዚያ ውስጥ ነው።

የበረዶ ሆኪ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። በፕሮፌሽናሉ የኤን ኤች ኤል ሊግ ሁለት ተጫዋቾች ቢደባደቡ አምስት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ወደ ጨዋታው ይመለሳሉ። ይህን ሕግ አልወደውም፤ ልጅም አላሳይበትም። ነገር ግን ያ ሊግ እንኳ ለሁለቱ የታገሠውን ለሦስተኛው አልታገሠም። ከ1971 ጀምሮ በሁለቱ ጠብ ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ የገባ ከጨዋታው ይባረራል። በ1987 ደግሞ ነገሩ ገደቡን አለፈ። በጃንዋሪ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ፒየሽታኒ ላይ፣ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የሶቭየት ኅብረትና የካናዳ ልጆች ወንበራቸውን ባዶ አድርገው በረዶው ላይ ሲደባደቡ የሚያስቆማቸው ቢጠፋ አዘጋጆቹ የአዳራሹን መብራት አጠፉባቸው። ልጆቹ በጨለማ ውስጥም አላቆሙም። ሁለቱም ቡድኖች ከውድድሩ ተባረሩ። በሜይ ወር የፊላዴልፊያና የሞንትሪያል ቡድኖች ጨዋታው ሳይጀመር፣ ዳኛም በረዶው ላይ በሌለበት፣ በማሟሟቂያ ሰዓት ተደባደቡ። ከዚያ በኋላ ሊጉ ሕጉን አጠበቀ፦ ለጠብ ብሎ ከወንበሩ መጀመሪያ የተነሣ አሥር ጨዋታ ይታገዳል። አሥር! ሁለት ሰው ሲደባደብ ዛሬም ታያላችሁ፤ ወንበር ሙሉ ተጫዋች በረዶው ላይ ሲፈስ ማየት ግን የድሮ ቪዲዮ ሆኗል። የኮሌጅ ሆኪ ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል፤ የተደባደበ ከዚያ ጨዋታም ከሚቀጥለውም ውጭ ነው። ሜዳው ያው ነው፤ ዱላውም ያው ነው፤ ከኮሌጅ ወደ ፕሮፌሽናሉ የሚያልፉ ተጫዋቾችም ብዙ ናቸው። ሆኖም በኮሌጅ ጓንት ጥሎ መደባደብ ብርቅ ነው። ልጆቹን የለያቸው ጠባያቸው ሳይሆን ደንቡ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅርጫት ኳስም እዚሁ መንገድ ላይ ገባ። በማርች 1993 የኒውዮርክ ኒክስና የፊኒክስ ሰንስ ተጫዋቾች ሲደባደቡ ጉዳት ላይ የነበረው የኒክሱ ግሬግ አንቶኒ የቤት ልብሱን እንደለበሰ ከወንበሩ ሮጦ ገብቶ ቡጢ ሰነዘረ። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ጠበቀ፦ ሜዳው ላይ ጠብ ሲነሣ ከወንበር የተነሣ፣ ምንም ሳያደርግ ቢመለስ እንኳ፣ አንድ ጨዋታ ያጣል። ኒክስ በ1997 ከማያሚ ጋር ባደረጉት፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ፣ ሦስት ጨዋታ ለአንድ እየመሩ በአምስተኛው ጨዋታ ጠብ ተነሣ። ፓትሪክ ዩዊንግን ጨምሮ አምስት ተጫዋቾቻቸው ታገዱ፤ ኒክስም ሰባት ጨዋታ ደርሰው ተሸነፉ።

ብዙ ሰው እስካሁን የሚከራከርበት ግን የ2007ቱ ነው። የሳን አንቶኒዮው ሮበርት ሆሪ የፊኒክሱን ስቲቭ ናሽን በዳሌው ገፍትሮ ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። አማሬ ስታዳማየርና ቦሪስ ዲያው ከወንበራቸው ተነሥተው ጥቂት እርምጃ ሮጡ። ረዳት አሠልጣኞች መለሷቸው። ማንንም አልነኩም። ቢሆንም ሁለቱም የሚቀጥለውን ጨዋታ ታገዱ፤ ፊኒክስ ያንን ጨዋታ በሦስት ነጥብ ተሸነፈ፤ ከዚያም ተሰናበተ። ገፍታሪው ሆሪ ሁለት ጨዋታ ታገደ። ያን ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ስናይ በንዴት ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኸናል። «ጓደኛው ወድቆ እያየ ቁጭ ይበል እንዴ?» እያልን። ዛሬ ከደንቡ ጋር ነኝ። ዳኛ የሚያየው እግርን ነው፤ ልብን አይደለም። ሊገላግል የሚሮጥና ሊማታ የሚሮጥ ሲሮጡ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው ከደረሱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥርስ ወድቋል።

የ2004ቱን የሁለት ቀን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ፕሮፌሽናሉና ኮሌጁ በተከታታይ ቀን አንድ ዓይነት ነገር ሠርተው የተለያየ መልስ ሰጡበት። ኖቬምበር 19 ዓርብ ማታ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ በቅርጫት ኳስ ኢንዲያና ፔሰርስ ዲትሮይት ፒስተንስን 97 ለ82 እየመራ 45.9 ሰከንድ ሲቀር የኢንዲያናው ሮን አርቴስት የዲትሮይቱ ቤን ዋላስ ላይ ጥፋት ሠራ። ዋላስ ገፈተረው። ግፊያው በርዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ አርቴስት ራሱ የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ከተመልካች መሃል አንድ ኩባያ መጠጥ ተወርውሮ ደረቱ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም አይቶታል፦ ተጫዋቾች ወደ ደጋፊ መቀመጫ ወጥተው ከሰው ጋር ተደባደቡ። ዘጠኝ ተጫዋቾች በድምሩ 146 ጨዋታ ታገዱ፤ አርቴስት የዘመኑን ቀሪ በሙሉ አጣ። አንድ ጨዋታ ከታገዱት አንዱ ሬጂ ሚለር ነው። ጉዳት ላይ ስለነበር ሱፍ ለብሶ ነበር፤ ጓደኞቹን ሊያረጋጋ ሲለፋ ታይቷል። ገላጋይ ነበር። እሱም ተቀጣ።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 20፣ ሁለቱ የሳውዝ ካሮላይና ባላንጣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ክሌምሰንና ሳውዝ ካሮላይና፣ በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ላይ ሜዳውን ሙሉ ተደባደቡ። ክሌምሰን 29 ለ7 አሸነፈ። የሳውዝ ካሮላይናው አሠልጣኝ ሉ ሆልትስ ቡድኑን የሚመራበት የመጨረሻ ጨዋታው ነበር፤ ያ አንጋፋ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ተሰናበተ። ሁለቱም ቡድኖች በውጤታቸው በዓመቱ መጨረሻ ወደሚደረገው የክብር ጨዋታ፣ እነሱ ቦውል ወደሚሉት፣ መሄድ የሚችሉ ነበሩ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ውሳኔ «አንሄድም» አሉ። የተማታውም ያልተማታውም፣ የመጨረሻ ዓመቱ የሆነውም ልጅ ቤቱ ቀረ። ከባድ ነው፤ ንጹሑንም ይጎዳል። ግን ቅጣቱ ተጫዋቹ የሚወደውን ነገር ነው የነካው።

በ2006 ማያሚ ላይ፣ ማያሚ ዩኒቨርሲቲና ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ሲጫወቱ የተነሣው ጠብ 31 ተጫዋቾችን አሳግዷል። ከዚያ ቪዲዮ ዓይኔ ላይ የቀረው አንድ ጉዳተኛ ልጅ ነው። በክራንች ነው የሚሄደው። በዚያው ክራንች ሊማታ ከወንበሩ ተነሥቶ ገባ። ያን ልጅ ማንም አልነካውም ነበር፤ ያስነሣው የሌሎቹ መነሣት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ከተማ ልመለስ። ኖቬምበር 30 ቀን 2024 ቤቴ እንግዶች ነበሩ። ቡና እየተቀዳ ልጆቹ የከተማችንን ዩኒቨርሲቲ የኦሃዮ ስቴትንና የሚሺጋንን የፉትቦል ጨዋታ ያያሉ። ሚሺጋን 13 ለ10 አሸነፈ፤ ተጫዋቾቹ ባንዲራቸውን መሃል ሜዳው ላይ ባለው የኦሃዮ ስቴት ምልክት ላይ ሊተክሉ ሄዱ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ሊከለክሉ ሮጡ። ግብግብ ሆነ። ፖሊስ የሚያቃጥል ስፕሬይ ረጨ፤ ተጫዋቾች ዓይናቸውን ይዘው ሲንከራተቱ ታዩ። የአሥር ዓመቷ ልጄ «አባዬ፣ ፖሊሱ ለምን ተጫዋቾቹ ላይ ይረጫል? አሠልጣኛቸው የለም እንዴ?» አለችኝ። ሁለተኛው ጥያቄዋ ነው እስካሁን ያልለቀቀኝ። በማግስቱ ሁለቱ ቡድኖች የሚጫወቱበት ማኅበር ያሳወቀው ቅጣት ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ 100,000 ዶላር ነው። ያን ያህል ገንዘብ ለእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ክፍል ምን ይነካል? ባንዲራውን ይዞ ለሄደው ልጅስ፣ ሊነጥቀው ለሮጠውስ ምን ደረሰው? ኦሃዮ ስቴት በጃንዋሪ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ እኔም በደስታ ጮኬያለሁ፤ ስለዚያች ቀን ያነሣ ሰው ግን በዙሪያዬ አልሰማሁም። ከሃያ ዓመት በፊት ክሌምሰንና ሳውዝ ካሮላይና በራሳቸው ላይ የፈረዱትን አስታውሳችሁ አወዳድሩት። እኔ ገንዘብን አላምንም። ከወጣት ልጅ ላይ ጨዋታ ስትወስዱበት ነው የሚገባው።

ይህን ሁሉ አሜሪካዊ ታሪክ የደረደርኩት ለእኛ ብዬ ነው። እኛ ያደግነው ጠብ አይቶ ማለፍ ነውር በሆነበት አገር ነው። መንገድ ላይ ሁለት ሰው ቢያያዝ የማያውቃቸው ሰው ነጠላውን ጥሎ መሃል ይገባል፤ «ተው በሕግ!» «በእናትህ ተው!» ይላል፤ ተደባዳቢውም ለገላጋይ ብሎ እጁን ይሰበስባል። ይህን ባሕል እወደዋለሁ፤ ልጆቼም እንዲወርሱት እፈልጋለሁ። ግን ገላጋይ የሚከበረው በመልኩ ሲታወቅ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ወይም የሁለቱም ወገን አይደለም፤ ወይም ድምፁን ቀድሞ ያሰማል። ማሊያ የለበሰ ልጅ ገላጋይ ሊሆን አይችልም፤ ከጀርባው የተጻፈው ቁጥር ወገኑን ተናግሮበታል።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ በየከተማው ያሉት ቡድኖቻችን የውስጥ ደንብ ሲያወጡ ይህችን እንድታስገቡ ነው፦ ጠብ ሲነሣ ከወንበሩ ተነሥቶ መስመር የረገጠ ተጠባባቂ አንድ ጨዋታ ያጣል፤ ምክንያት አይጠየቅም፤ የአሠልጣኙ ልጅም ቢሆን፣ የዋንጫ ጨዋታም ቢሆን። ተጠባባቂዎቹን የላከ አሠልጣኝ ከልጆቹ በላይ ይታገድ። ሜዳ ውስጥ ያሉት ደግሞ የራሳቸውን ልጅ ብቻ ይያዙ፣ የሌላውን አይንኩ፤ ሲይዙትም ፊት ለፊት፣ ስሙን እየጠሩ። ከኋላ መያዝ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ከጨዋታው በፊት ከየቡድኑ አንድ አንድ ትልቅ ሰው ይሰየምና ዳኛው ሲጠራው እሱ ብቻ ይግባ። ያ ሰው ነው ገላጋያችን።

ወላጆች፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ብዙዎቹ ጠቦች የሚነሡት ከስድብ ነው። «እናቴን ሰደበኝ» ሲለኝ ልጁን ምን ብዬ እንደምመልሰው ይጠፋኝ ነበር፤ እኔም እንደ እሱ ያደግኩ ነኝና። በቀለሙ፣ በስሙ፣ በእናቱ ጸጉር መሸፈኛ የተሰደበም ልጅ አለን። ይህን ዝም በል አልለውም። ለአምበሉ ይንገር፤ አምበሉ ለዳኛው፤ ዳኛው ካልሰማ እኔ ቡድኑን ይዤ እወጣለሁ፤ ጨዋታውን ብንሸነፍም ስድቡ በጽሑፍ ይመዘገባል። ልጁ ማወቅ ያለበት ትልቅ ሰው እንደሚቆምለት ነው። ይህን ካላወቀ በቡጢው ለራሱ ይቆማል። ማታ ቤት ስትደርሱ ደግሞ እባካችሁ ቪዲዮውን «ጀግናው ልጃችን» ብላችሁ አትላላኩት። እሱ ያየዋል፤ ታናሹም ያየዋል።

እኛ ቡድን ውስጥ ደንቡን ከሴፕቴምበር ጀምሮ አስገብተናል። የመጀመሪያውን ቅጣት የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ጁላይ። ሦስት ጨዋታ ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ መሃል ሜዳ ላይ ሁለት ልጆች ተገፋፉ። ኳሱን ትቼ ወንበሩን ማየት ያዝኩ። አንዱ ትንሽ ልጅ ብድግ አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ማሊያውን ጨምድዶ ይዞ መልሶ አስቀመጠው፤ ዳኛው ሁለቱን እስኪለያይ ድረስም አልለቀቀውም። የያዘው ያ ጥርሱ የወለቀው ልጅ ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት የጨዋታ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ሐሳባችሁን፣ ተቃውሟችሁንም ጭምር፣ በየቡድናችሁ ስብሰባ እንድታነሡት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታዳጊዎች አሠልጣኝ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ